ቆሽት ምግብ መምጣቱን በምን ያውቃል?

የሄርማታ መምህር (ክሩን የከፈተ)፣ ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ምግብ መፈጨት እየተማርን ሳለ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጨጓራስ ምግቡ ስለሚገባበት ያውቃል፤ በቆሽት ውስጥ ግን ምግብ አያልፍም። ታዲያ ጭማቂውን የሚያፈስበትን ሰዓት ማን ይነግረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነርቭ ነው» አልኳት፤ ወዲያው ደወል ተደወለና ወጣን። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው መልሴ ከእውነቱ ግማሹን እንኳ እንዳልነካ ገባኝ፤ ልጅቷ የጠየቀችው ከ120 ዓመት በፊት የዘርፉን ሊቃውንት ለሁለት የከፈለውን ጥያቄ ነበርና።

ያኔ የነርቩን ወገን የያዘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነበር። የምግብ መፈጨት ሥራ በነርቭ እንዴት እንደሚታዘዝ በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር አሳይቶ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ ቤተ ሙከራውም ቆሽት የሚታዘዘው በነርቭ እንደሆነ ያምን ነበር። ለንደን ላይ ግን ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ፣ በጋብቻ የተዛመዱ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 8 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 16 ቀን 1902፣ በማደንዘዣ የተኛ ውሻ አንጀት አንዱን ክፍል ለይተው ወደ እርሱ የሚሄዱትን ነርቮች ቆረጡ። የቀሩት የደም ሥሮቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንጀቱ ውስጥ አሲድ ጨመሩ፤ ነርቭ ሳይኖር ቆሽቱ ጭማቂውን ማንጠባጠብ ጀመረ። ስታርሊንግ ወዲያው የአንጀት የውስጥ ሽፋን ፍቆ፣ ከአሸዋና ከአሲድ ጋር አሽቶ፣ አጥልሎ በውሻው የአንገት ደም ሥር ቢወጋው ቆሽቱ አብዝቶ አፈሰሰ። መልእክቱ በደም የሚጓዝ ኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ስሙንም ሴክሬቲን አሉት። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1905 እ.ኤ.አ.፣ ስታርሊንግ በሰጠው ትምህርት ላይ የወጣ ነው፤ የተወሰደውም «አነሣሣለሁ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በዚያ ዘመን ዳግማዊ አባ ጅፋር ጂረን ላይ ተቀምጠው ጅማን ያስተዳድሩ እንደነበር ስነግራቸው ተማሪዎቼ ዘመኑ ይቀርባቸዋል።

ከምግብ በኋላ ጨጓራንና ቆሽትን የሚያስተባብሩትን ሆርሞኖች ሥራ በደንብ የምታውቁ ሰዎች፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ ብትጽፉልኝ ለልጅቷ ሙሉ መልስ ይዤላት እገባለሁ።

አምስተኛ ዓመት፣ ሰኞ ማታ

መምህር፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ይህን ክፍል ከሌላው አብልጬ ስለምወደው ልሞክር። በመጀመሪያ መልስዎ ስሕተት አልነበረም፤ ሥራውን የሚከፍተው በእርግጥም ነርቭ ነው። የዶሮ ወጥ ሽታ ከማድ ቤት ሲመጣ፣ ገና ሳይጎረስ፣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ወርዶ ጨጓራን ይቀሰቅሰዋል፤ በአንድ ገበታ ከሚመነጨው አሲድ እስከ ሲሶ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ይመነጫል። ምግቡ ከገባ በኋላ ግን ሆርሞን ሥራውን ከነርቭ ጋር ይካፈለዋል።

በጨጓራ የታችኛው ክፍል፣ ወደ መውጫው አካባቢ፣ ጂ ሕዋሳት የሚባሉ አሉ። የጨጓራው ግድግዳ በምግብ ሲለጠጥ፣ ከሥጋው ወይም ከሽሮው የመጣው ፕሮቲን መፈረካከስ ሲጀምር፣ ነርቩም ሲቀሰቅሳቸው፣ ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ጋስትሪኑ ከተለቀቀበት ከጨጓራው ታችኛ ክፍል ተነሥቶ፣ በጉበት፣ በልብና በሳንባ ዞሮ፣ ተመልሶ እዚያው ጨጓራ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። ለጎረቤት የተላከ መልእክት አገር ዞሮ እንደመድረስ ነው። እዚያ ሲደርስ በአብዛኛው የሚሠራው ሂስታሚን ያላቸውን ሕዋሳት በማነሣሣት ነው፤ ሂስታሚኑም በአጠገቡ ያሉትን አሲድ አመንጪ ሕዋሳት ያዝዛል። ሴክሬቲን ከተገኘ ከሦስት ዓመት በኋላ ጋስትሪን መኖሩን የተናገረው ጆን ኤድኪንስ ነበር፤ ነገር ግን ሂስታሚንም አሲድ እንደሚያስመነጭ ሲታወቅ «ያገኘው ሂስታሚንን ነው» ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሳይታመን ቆየ። በ1964 እ.ኤ.አ. ግሪጎሪና ትሬሲ የተባሉ የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ከአሳማ ጨጓራ አጣርተው ሲያወጡት ኤድኪንስ ትክክል እንደነበር ተረጋገጠ። እርሱ ግን በሕይወት አልነበረም።

ልጓሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ባዶ ጨጓራ እጅግ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 1 ወይም 2 አካባቢ ይሆናል። እንጀራውና ወጡ ሲገቡ አሲዱን ስለሚያረግቡት ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ጋስትሪንም ያለ ከልካይ ይወጣል። ምግቡ እየላመ፣ አሲዱ እየበዛ ሄዶ ፒኤቹ ከ3 በታች ሲወርድ ዲ ሕዋሳት የሚባሉት ሶማቶስታቲንን ይለቃሉ፤ ይህ ሆርሞን ጋስትሪንን አፍኖ የአሲዱን ምርት ያወርደዋል። ስለዚህ አሲድ ሲበዛ ራሱን የሚገታበት መንገድ አለው ማለት ነው።

ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ስመለስ፣ የላመው ምግብ ከጨጓራ ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል። በዚያ ያለው ፒኤች ከ4.5 በታች ሲሆን ኤስ ሕዋሳት ሴክሬቲንን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ሴክሬቲን የቆሽትን ቱቦዎች ያነሣሣና አሲድን የሚያጠፋው ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃማ ፈሳሽ ያስፈስሳል። የዚህ ፈሳሽ ባይካርቦኔት በደም ውስጥ ካለው አምስት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ለልጅቷ እንዲህ ቢሏት ይሻላል፦ ቆሽትን በሴክሬቲን በኩል የሚጠራው ምግቡ ሳይሆን ከምግቡ ጋር የወረደው አሲድ ነው። አሲዱ የሚያጠፋውን ራሱ ይጠራል።

ነጋዴዋ ከመርካቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት

አሰላሙ አለይኩም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባይዘልም ጽሑፋችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለዘመናት የጠየቅሁትን ነገር የነካ መሰለኝ። በረመዳን ስናፈጥር በተምርና በሾርባ ከጀመርን ሆዴ ሰላም ነው። በቀጥታ በዘይት ከተጠበሰው ሳምቡሳ ላይ አራት አምስት ከበላሁ ግን ምግቡ እስከ ተራዊህ ድረስ ከደረቴ በታች እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ይቆያል፤ አንዳንዴም ከቀኝ ጎኔ ጎድን በታች ይወጋኛል። ይህም የሆርሞን ሥራ ነውን? ደግሞስ ልጆቼ ጨጓራ ሲያማቸው ወተት አጠጣቸዋለሁ፤ ማጠጣቴ ትክክል ነውን?

ነርስ ከአጂፕ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ወአለይኩም ሰላም እኅቴ። እንደ ድንጋይ መቀመጡ አዎን፣ የሆርሞን ሥራ አለበት። ከላይ ወንድሜ ያልጠቀሰው ሌላ ሆርሞን አለ፤ ኮሌሲስቶካይኒን ይባላል፤ የስሙም ትርጉም «የሐሞት ከረጢትን የሚያንቀሳቅስ» እንደማለት ነው። ቅባትና ፕሮቲን ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርሱ አይ ሕዋሳት የሚባሉት ይለቁታል፤ ሥራውም ከአንድ በላይ ነው። የሐሞት ከረጢቱን ጨምቆ ሐሞት ያስወጣል፤ የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ወደ አንጀት የሚከፈትበትን በር ያላላል፤ ቆሽት ስብን፣ ስታርችንና ፕሮቲንን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ከዚህም ጋር የጨጓራን መውጫ ያዘገየዋል። ቅባት ለመፈጨት ጊዜ ስለሚፈልግ አንጀቱ «ቆይ፣ የላክኸውን ሳልጨርስ አትጨምርብኝ» ይለዋል። ስለዚህ የሳምቡሳው ዘይት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል፤ ሾርባው ግን ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል።

የቀኝ ጎኑ ውጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ ልንገርዎት። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው ቅባት ሲበላ ከረጢቱ በዚሁ ሆርሞን ተጨምቆ ጠጠሩን ወደ በሩ ይገፋዋል፤ ሕመሙም በዚያ ሰዓት ይመጣል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ በፋሲካ ማግስት በቅቤ የተሠራ ዶሮ በልተው ይህንኑ ሕመም ይዘው የሚመጡ ታማሚዎች አይቻለሁ። ጠጠሩ ወርዶ የጋራውን በር ከዘጋው ቆሽት በራሱ ጭማቂ እስከመቃጠል ይደርሳል፤ ያ ከባድ በሽታ ነው። እኅቴ፣ ውጋቱ ከተደጋገመብዎት የአልትራሳውንድ ምርመራ ያስደርጉ፤ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ወደ ጀርባ የሚዞር ብርቱ ሕመም ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳይቆዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ስለ ወተቱ፦ ሲጠጡት አሲዱን ለጊዜው ያረግበዋል፤ ለዚያ ነው ያሻለ የሚመስለው። በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ግን መልሶ ጋስትሪንን ስለሚቀሰቅስ ቆይቶ አሲዱ ይበረታል። ልጆችዎ ወተት ይጠጡ፤ ምግባቸው ነው። የጨጓራ መድኃኒት ግን አያድርጉት።

አዌቱ ዳር፣ ማክሰኞ ማታ

ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳይጠራ መቀጠል የለበትም። ብዙ ሰው ቆሽትንና ጣፊያን ያቀያይራል፤ አንዳንዱ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን አካል ጣፊያ ሲለው እሰማለሁ። ባለፈው በዓል በግ ሳወራርድ ለልጅ ልጆቼ ያሳየኋቸውን ልጻፍ። አሲድ ከሚያመነጨው ከአራተኛው የጨጓራ ክፍል ወጥቶ አንጀቱ ሲታጠፍ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ሐመር ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ጣት ሲነካው ቅንጣት ቅንጣት የሚል ሥጋ ተጋድሟል፤ ስቡ ውስጥ ስለሚደበቅ ካልፈለጉት አይታይም። ቆሽት ማለት ያ ነው። ከጉበቱ የሚወርደው የሐሞት ቱቦ በአጠገቡ ያልፋል፤ እናቶቻችን ሐሞቱ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ የሚቆርጡት እዚያ አካባቢ ነው። ጣፊያው ግን ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በግራ በኩል በጨጓራው ላይ የተለጠፈው ነው፤ ከምግብ መፈጨት ጋርም ጉዳይ የለውም። የቆሽቱን ቦታ ያየ ሰው አሲዱ ከወረደበት ቦታ አንድ ስንዝር እንኳ እንደማይርቅ ስለሚረዳ የተማሪዋን ጥያቄ ይበልጥ ያደንቃል፤ በዚህ ቅርበት እንኳ ጥሪው የሚሄደው በደም ዞሮ ነውና።

እኔ በግሌ ቃር ሲነሣብኝ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ቆሽትም የሚያደርገው ይህንኑ ከሆነ ልክ ነኝ ማለት ነው።

አምስተኛ ዓመት፣ ማክሰኞ ማታ

አባቴ፣ የበጉን ነገር እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ መምህር አልነበረኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሶዳው ግን በትሕትና ልለያይ። ቆሽት ባይካርቦኔቱን የሚያፈሰው አሲዱ ሥራውን ጨርሶ አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው፤ እርስዎ ግን ሥራው ገና ሳያልቅ ጨጓራው ውስጥ ያጠፉታል። ፒኤቹ ሲወጣ የጋስትሪን ልጓም ይላላል። ሶዳው ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሆድ ይነፋል፤ ሶዲየሙም የደም ግፊት ላለበት ሰው አይበጅም። አልፎ አልፎ ከሆነ ብዙ ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ የዕለት ልማድ ከሆነ ግን ቃሩ ራሱ መመርመር አለበት።

ነርሷ ስለ ኮሌሲስቶካይኒን በጻፉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። በ1928 እ.ኤ.አ. አይቪና ኦልድበርግ ሐሞት ከረጢትን የሚጨምቅ ሆርሞን አገኙ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ሃርፐርና ሬፐር ቆሽትን ኢንዛይም የሚያስፈስስ ሌላ ሆርሞን አገኘን ብለው የተለየ ስም ሰጡት። በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ ዮርፕስና ሙት አጣርተው ሲያዩት ሁለቱ አንድ ሆኑ። ይህ ታሪክ የሆርሞኑን ጠባይ ያሳያል፦ ቅባት ሲመጣ ሐሞትም ኢንዛይምም በአንድ ሰዓት ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚጠራው አንድ መልእክተኛ ነው። ሴክሬቲን ውኃውንና ባይካርቦኔቱን፣ ኮሌሲስቶካይኒን ኢንዛይሙን ያመጣሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲደርሱ ደግሞ ቆሽት የሚያፈሰው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያስፈስሱት ድምር ይበልጣል። ስብ የሚፈጨው ኢንዛይም በአሲድ ውስጥ ስለማይሠራ አንዱ ያለ ሌላው አይጠቅምም።

የጂረን ልጅ፣ ረቡዕ ጠዋት

የእኔ ጉዳይ ከዚህ ጋር ስለሚገናኝ በግልጽ ልጻፍ። በባዶ ሆድ ሦስት ስኒ ቡና እጠጣለሁ፤ በእኛ ቤት ጠዋት ያለ ቡና አይጀመርም። ከዓመት በፊት ማቃጠል ሲጀምረኝ ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ምንም ምርመራ ኦሜፕራዞል ተሰጠኝ፤ ሲያልቅ እየገዛሁ ሰባት ወር ቀጠልሁ። ማንም «እስከ መቼ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በድንገት ሳቆመው ማቃጠሉ ከመጀመሪያው ብሶ መጣ፤ ዕድሜ ልኬን የምወስደው መስሎኝ ደነገጥሁ። እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? ቡናውንስ ልተወው?

ነርስ ከአጂፕ፣ ረቡዕ ከሰዓት

ወንድሜ፣ ድንጋጤህ ይገባኛል፤ ተመሳሳይ ነገር የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው። ኦሜፕራዞል ከላይ ከተጻፈው ሰንሰለት የመጨረሻውን፣ አሲዱን ወደ ጨጓራ የሚገፋውን ፓምፕ ይዘጋል። አሲድ ሲጠፋ ልጓሙ ሶማቶስታቲን ይላላና ጋስትሪን ለወራት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ከፍ ያለው ጋስትሪን ሂስታሚን ያላቸውን ሕዋሳት ያበረታቸዋል፤ ያበዛቸዋልም። መድኃኒቱን በአንድ ቀን ስታቆም ፓምፑ ይከፈታል፤ የተከማቸው ትእዛዝም በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ስለዚህ የባሰብህ በሽታው ጸንቶ ላይሆን ይችላል፤ በአብዛኛው ከሳምንታት በኋላ ይረግባል። የሚቆመውም ሐኪም እያየው፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቢሆን ይሻላል። የመገጣጠሚያ ወይም የራስ ምታት ማስታገሻ አዘውትሮ የሚወስድ፣ ወይም ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳያቆም አደራ።

ከሁሉ በፊት መደረግ የነበረበት የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ነው። ይህን ባክቴሪያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከጨጓራ ቁስለት ጋር አገናኝተው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ባክቴሪያው በጨጓራ የታችኛው ክፍል ሲሰፍር ሶማቶስታቲንን ያሳንሳል፤ ጋስትሪን ከልኩ በላይ ይወጣል፤ አሲዱም አንጀት ድረስ ወርዶ ያቆስላል። ባክቴሪያው በታዘዘው መድኃኒት በሙሉ ሲጠፋ ልጓሙ ይመለሳል። አንድ ምርመራ የሰባት ወር ወጪ ሊያድን ይችል ነበር፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ቡናን በተመለከተ፣ ጋስትሪንንና አሲድን ይቀሰቅሳል፤ ካፌይኑ የወጣለትም ቢሆን ይቀሰቅሳል። በጅማ ቡና ተዉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተወውም አልልህም። ግን ምግብ ቀምሰህ ጠጣው፤ ቢያንስ አሲዱ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። ሦስቱን ስኒ ወደ አንድ ዝቅ አድርገህም ለውጡን ተመልከት።

አዌቱ ዳር፣ ረቡዕ ማታ

ሶዳውን ትቻለሁ፤ ሐሙስ እመረመራለሁ። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆንሁ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ኢንሱሊንም ከቆሽት ይወጣል፤ እርሱንስ አንጀት ያዝዘዋል?

አምስተኛ ዓመት፣ ረቡዕ ማታ

ያዝዘዋል አባቴ። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ግሉኮስ በአፍ ሲወሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው ይልቅ ብዙ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ምክንያቱም አንጀት ጂአይፒና ጂኤልፒ-1 የተባሉ ሆርሞኖችን ልኮ ቆሽትን አስቀድሞ ያነቃዋል። ጂኤልፒ-1 በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች ይህንኑ ሆርሞን አስመስለው ረጅም ጊዜ እንዲቆዩ የተሠሩ ናቸው። ለእርስዎ የሚሆነውን ግን ሐኪምዎ ብቻ ይንገርዎት።

የሄርማታ መምህር፣ ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ውስጥ አቼቶ በብርጭቆ ቀድቼ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ነከርሁበት፤ ቀላ። ልጅቷን አውጥቼ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ በማንኪያ እንድትጨምር አደረግሁ፤ አረፋው ብርጭቆውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አረፋው ሲያልቅ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። «አቼቶው ከጨጓራ የወረደው ነው፤ ማንኪያው የቆሽት ነው፤ ማንኪያውን አንሺ ብሎ የተላከብሽ ደግሞ ሴክሬቲን ነው» አልኋቸው።

ልጅቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ትንሽ ዝም አለችና፣ «ሴክሬቲን በደም ከሄደ እግሬም ጋ፣ ጆሮዬም ጋ ይደርሳል። እነርሱ ለምን አይሰሙትም?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልሁም። ሴክሬቲን ሁሉም ጋ እንደሚደርስ፣ ነገር ግን የሚሰማው ለእርሱ የተሠራ ተቀባይ በግድግዳው ላይ ያለው ሕዋስ ብቻ እንደሆነ፣ የቆሽት ቱቦ ሕዋሳትም ይህ ተቀባይ እንዳላቸው በሰሌዳው ላይ ሥዬ አሳየኋት። ደወሉ ሲደወል ማንም ከወንበሩ አልተነሣም፤ እርሷም ሥዕሉን ደብተሯ ላይ እየገለበጠች ነበር።